ከደሞዝ ወደ ደረሰኝ፦ ሥራ ከመልቀቅ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ አራት ኪሎ ቀጠረችኝ። ማኪያቶ አዘዝን። ገና ሳይመጣልን ስልኳን አወጣችና «ጋሼ፣ እስቲ ይሄን እየው» አለችኝ።

ግራፊክስ ዲዛይነር ናት። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ ተቀጥራ ትሠራለች። ደሞዟ ሳይቆራረጥ 30,000 ብር ነው። መልእክቱን የላከላት ሌላ ድርጅት ነው። ቅጥር የለንም፣ ንግድ ፈቃድ ካወጣሽ ግን በኮንትራት በወር 45,000 ብር እንከፍልሻለን ይላል።

«በወር 15,000 ልዩነት አለው። ልልቀቅ አይደል?» አለችኝ።

እኔም ከስምንት ዓመት በፊት ቅጥር ትቼ በራሴ መሥራት የጀመርኩት እንዲህ ባለ አንድ ቁጥር ተስቤ ነው። አልተጸጸትኩም። ዛሬም ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የራሴን ሥራ እሠራለሁ። ግን ያኔ ያልሠራሁት ሒሳብ ሁለት ዓመት ሙሉ አንገላቶኛል። ስለዚህ እሺም እንቢም ሳልላት ሶፍት ሳብ አድርጌ እስክሪብቶ አወጣሁ። እዚያ ሶፍት ላይ የጻፍነውን ነው እዚህ የማስረዳችሁ።

ደሞዝ ውስጥ ያለው የማይታይ ገንዘብ

መጀመሪያ የምታውቀውን ጻፍን። የገቢ ግብር ማሻሻያው (አዋጅ ቁጥር 1395/2017) ከወጣ ወዲህ በወር እስከ 2,000 ብር ያለው ደሞዝ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው በደረጃ ከ15 በመቶ እየጨመረ ይሄዳል። ከ14,000 ብር በላይ ያለው ላይ 35 በመቶ ነው። በዚህ ስሌት ከ30,000 ብር ላይ 8,450 ብር ግብር ይቆረጣል። 7 በመቶ ጡረታ ደግሞ 2,100 ብር ነው። እጇ የሚገባው 19,450 ብር ይሆናል።

የማታውቀው ቀጥሎ ያለውን ነው። ቀጣሪዋ በየወሩ 11 በመቶ፣ ማለትም 3,300 ብር፣ ከራሱ ኪስ አውጥቶ በስሟ ለጡረታ ያስገባል። የእሷ 2,100 ሲጨመርበት በወር 5,400 ብር እየተጠራቀመላት ነው። ይህ ገንዘብ ባንክ ሒሳቧ ላይ ታይቶ ስለማያውቅ አንድ ቀን አስባው አታውቅም። ስለዚህ ቀጣሪዋ ለእሷ በወር 33,300፣ በዓመት 399,600 ብር ያወጣል። ከ45,000 ጋር መወዳደር ያለበት ይሄኛው ቁጥር ነው።

ከዚያ ደግሞ በብር ያልተጻፈው አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሠራተኛ ቢታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። ክፍያ በሌለባቸው ወራት እንኳ ሥራው ይጠብቀዋል። ለወላድ 120 ቀን ከሙሉ ደሞዝ ጋር አለ።

እዚህ ላይ ስደርስ ዝም አለች። በራሷ ለምትሠራ ሴት እነዚያ 120 ቀናት አንድም ብር የማይገባባቸው ቀናት ናቸው። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አይነግራትም። ቁጥሩን ያቀረበላት ድርጅትማ በፍጹም አይነግራትም።

ቀናቱን እንቁጠር

ደሞዝተኛ ቀኑን አይቆጥርም። ጥምቀት ሆነ አድዋ፣ ወሩ ሲያልቅ ገንዘቡ ይገባል። በራሱ የሚሠራ ሰው ግን የሚሸጠው ቀን ነው።

በሳምንት አምስት ቀን ሥራ ብንል ዓመቱ 260 የሥራ ቀን አለው። ለበዓላት 12፣ ለእረፍት 18፣ ለሕመም 5 ቀን ቀነስን። 225 ቀረ። ይህ ሁሉ ቀን ግን አይሸጥም። ፕሮፎርማ የምትጽፉበት፣ ደንበኛ የምታናግሩበት፣ ያለቀ ሥራ ሒሳብ ለመቀበል የምትመላለሱበት፣ ገቢዎች የምትሰለፉበት ቀን አለ። እኔ ከአምስት ቀን አንዱ እንዲህ ባለው ነገር ያልቅብኛል። 45 ቀን ማለት ነው። የሚሸጠው 180 ቀን ይሆናል።

ወጪም አለ። ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔት፣ መቀመጫ ቦታ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ የፈቃድ እድሳት፣ ታክሲ። እስከዛሬ ይህን ሁሉ ቢሮው ነበር የሚችለው። ለእሷ ሁሉንም ደምረን በዓመት 120,000 ብር ያዝን። የእናንተ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል።

399,600 እና 120,000 ሲደመር 519,600 ነው። ለ180 ሲካፈል በቀን ወደ 2,890 ብር ይመጣል። አሁን ያለውን ደሞዟን በወር 22 የሥራ ቀን ብላችሁ ብታካፍሉት ደግሞ በቀን ወደ 1,360 ብር ነው። ያው ኑሮዋን እንደያዘች ለመቀጠል የቀን ዋጋዋ ከእጥፍ በላይ መሆን አለበት። ይህ ገና ትርፍ ሳይታሰብ ነው።

519,600ውን ለ12 ወር ስናካፍለው በወር 43,300 ይሆናል። የቀረበላት 45,000 ነው። ያ 15,000 ልዩነት ወደ 1,700 ወረደ።

ግብሩ ምድብ ላይ ይወሰናል

ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚያወራው። አንዱ «በራስህ ስትሠራ ግብር የለም» ይላል። ሌላው «ግብሩ ይገድልሃል» ይላል። ሁለቱም ምድቡን ሳይጠይቁ ነው።

የሒሳብ መዝገብ በሚይዝ ምድብ ውስጥ ከሆናችሁ ግብሩ የሚሰላው ከትርፍ ላይ ነው። ትርፍ ማለት ከገቢ ላይ በደረሰኝ የተረጋገጠ ወጪ ተቀንሶ የቀረው ነው። ለግለሰብ ነጋዴ መቶኛዎቹ ከደሞዝ ጋር አንድ ዓይነት ናቸው፤ በዓመት ይታሰባሉ እንጂ። እሷ በዓመት 540,000 ብር አስገብታ 120,000 ወጪዋን በደረሰኝ ብታሳይ ትርፏ 420,000 ነው። ግብሩ 122,400 ይሆናል። የሚቀራት በወር 24,800 ብር ነው።

አሁን ወደ ደሞዟ ተመለሱ። እጇ የሚገባው 19,450፣ የጡረታው 5,400፣ ድምሩ 24,850 ብር። በሃምሳ ብር ይበልጣል! እሷም እኔም ሶፍቱን ደግመን አየነው። ለዚያውም በራሷ ስትሠራ አንድም ወር ሳይቀር ተከፍሏት ነው።

ዓመታዊ ሽያጫቸው አነስተኛ ለሆኑ ግብር ከፋዮች ግን ሌላ ምድብ አለ። እዚያ ግብሩ የሚሰላው ከትርፍ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጭ ነው። መቶኛውም ዝቅተኛ ነው። የሥራ ዘርፏ እዚያ የሚያስገባት ከሆነ ሒሳቡ ሊገለበጥና መልቀቁ በግልጽ ሊያዋጣት ይችላል። ስለዚህ የመልቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት የክፍለ ከተማችሁ ገቢዎች ሄዳችሁ «ይህን ሥራ፣ በዚህ መጠን ብሠራ የትኛው ምድብ ነኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጓደኛ የነገራችሁን አትያዙ።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች ልጨምር። ድርጅት ለአገልግሎት ሲከፍላችሁ ቅድመ ግብር፣ በተለምዶ ዊዝሆልዲንግ የምንለውን፣ ቀንሶ ያስቀራል። አሁን 3 በመቶ ነው። ይህ ገንዘብ አልጠፋም፤ በዓመቱ መጨረሻ ከግብራችሁ ላይ ይታሰብላችኋል። የሚታሰበው ግን የቀነሰበትን ደረሰኝ ከያዛችሁ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሳይኖራችሁ ብትሠሩ ደግሞ የሚቀነሰው 30 በመቶ ነው።

ሁለተኛው ቫት ነው። የቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ ዋጋ ስትሰጡ «ቫትን ጨምሮ ነው ሳይጨምር?» የሚለውን በጽሑፍ አስቀምጡ። 45,000 ያላችሁት ቫትን ጨምሮ ነው ከተባለ የእናንተ ድርሻ 39,130 ብር ብቻ ነው። የቀረው የመንግሥት ነው።

ብሩ መቼ ነው የሚመጣው?

እስካሁን ያወራነው ስለ መጠን ነው። ሰው ሁሉ የሚጨነቀውም እሱን ነው። እኔን ግን የጎዳኝ መጠን አልነበረም። ጊዜ ነበር።

አንድ ዓመት ግንቦት ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ ሪፖርት ዲዛይን ያዝኩ። 86,000 ብር ነበር። ሌሊቱን ጭምር ሠርቼ ሰኔ 12 አስረከብኩ። ወደዱት። ሰኔ 15 ሒሳብ ልጠይቅ ሄድኩ። «ፈራሚዋ ስብሰባ ላይ ናት።» ሰኔ 20፣ «ሰነዱ ላይ አንድ ማኅተም ጎድሏል።» ሰኔ 28፣ «ሒሳብ እየዘጋን ነው።» ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ አለቀ። ሐምሌ ላይ «አዲሱ በጀት ይለቀቅ» ተባልኩ። ነሐሴም በዚያው አለቀ። በዝናብ እየተመላለስኩ የፋይናንስ ክፍሉን ወንበር ሸራ በቃሌ አወቅሁት። አረንጓዴ ነው፤ በግራ በኩል ተቀዷል። መስከረም ላይ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ። ብሩ የተከፈለኝ ጥቅምት 19 ቀን ነው።

ማንም አልካደኝም። የከፈሉኝም ሙሉውን ነው። ግን ከሰኔ እስከ ጥቅምት ልጆቼ የበሉት እህቴ ባበደረችኝ ገንዘብ ነው። ወረቀት ላይ ባለ 86,000 ብር ነበርኩ። ኪሴ ውስጥ የታክሲ አልነበረኝም።

ደሞዝተኛ በነበርኩበት ጊዜም ደንበኛ ያዘገይ ነበር። ሲያዘገይ ግን የሚጨነቀው አለቃዬ ነው። የእኔ ደሞዝ በ30 ይገባ ነበር። ቅጥር ትታችሁ ስትወጡ ያንን ጭንቀት ገዝታችሁ ነው የምትወጡት። የቀን ዋጋችሁ እጥፍ መሆን ያለበት አንዱ ምክንያትም ይሄው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳልቀበል የማልጀምረው አድቫንስ አለ። ግማሹን፣ ቢያንስ 40 በመቶውን። የመጨረሻውን ፋይል የማስረክበው የቀረው ሒሳብ ሲገባ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰው ይቀየመኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የተቀየሙኝ በኋላም የማይከፍሉት ሆነው አገኘኋቸው። ከሚያዝያ በኋላ ደግሞ በበጀት ከሚሠራ ተቋም ትልቅ ሥራ ስይዝ ክፍያው ሰኔ ሳይገባ እንዲያልቅ ውሉ ላይ አጽፋለሁ።

የመጠባበቂያ ገንዘብ ሳይዛችሁ አትውጡ። የእኔ ምክር የስድስት ወር የቤት ወጪ ነው። የአክስቴ ልጅ ኪራይ፣ አስቤዛና ለእናቷ የምትልከው ተደምሮ በወር 17,000 ብር ታወጣለች። ስለዚህ 102,000 ብር በሌላ የባንክ ሒሳብ፣ ሳይነካ።

«ጋሼ፣ የ100,000 እቁብ አለኝ እኮ» አለችኝ። እቁብ እወዳለሁ። እኔም አለኝ። ለዚህ ግን አይሆንም። እጣው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም፤ ከወጣ በኋላም መክፈሉ አይቆምም። ገቢዋ በተቋረጠበት ወር ሰብሳቢው ደጇ ላይ ይቆማል። የወጣላትን ካስቀመጠችውና የቀረውን ክፍያ በደሞዟ ከጨረሰች ብቻ ነው መጠባበቂያ የሚባለው።

አንድ ደንበኛ ብቻ ካላችሁ

ከዚያ መልእክቱን ደግሜ አነበብኩት። ሥራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ከ2፡30 እስከ 11፡30 ቢሮ መገኘት አለባት። ለሌላ ድርጅት መሥራት አትችልም። የምትታዘዘው ከአንድ ኃላፊ ነው።

ይሄ ቅጥር ነው። ስሙ ብቻ ነው ኮንትራት። በሕጋችን ሠራተኛ ማለት በአሠሪው መሪነት ሥር፣ ለደሞዝ የሚሠራ ሰው ነው። በራሱ የሚሠራ ሰው ውል ግን ሌላ ነው። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት አንድን ውጤት በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ ለማስረከብ ነው የሚዋዋለው። ሰዓቱም፣ ወንበሩም፣ መሣሪያውም የእሱ ጉዳይ ነው። ድርጅቱ የሠራተኛ ታዛዥነት ፈልጎ የሠራተኛ ጥቅም መስጠት ካልፈለገ የሚያተርፈው እሱ ብቻ ነው። 11 በመቶ ጡረታውን፣ የዓመት ፈቃዱን፣ የስንብት ክፍያውን በአንድ ፊርማ ይገላገላል። እንዲህ ያለ ውል ክርክር ላይ ሲደርስ በወረቀቱ ስም ሳይሆን በሥራው ሁኔታ ሊታይ ይችላል። ግን በክርክር የሚገኝ መብት ላይ ኑሮ አትመሥርቱ።

የእኔ ሚዛን ቀላል ነው። ከመልቀቃችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት የሚከፍሉ ደንበኞች ይኑሯችሁ። «እንሰጥሃለን» ያሉትን አትቁጠሩ። ገንዘብ ያስገቡትን ቁጠሩ። ቅዳሜና ማታ ማታ እየሠራችሁ ስድስት ወር ብታዩት ከየትኛውም ምክር በላይ ያስተምራችኋል። የቅጥር ውላችሁ የጎን ሥራ ይከለክል እንደሆነ ግን አንብቡ።

የምትለቁበት ቀን ዋጋ አለው

«ስንት ዓመት ሠራሽ?» አልኳት።

«አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር።»

ሦስት ወር ጠብቂ አልኳት። አንድ ሠራተኛ አምስት ዓመት ካገለገለ፣ የሥልጠና ግዴታም ከሌለበት፣ በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም የስንብት ክፍያ ይገባዋል። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደሞዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ሲሶ እየተጨመረ ይሄዳል። ለእሷ አምስት ዓመት ሲሞላት ወደ 70,000 ብር ነው፣ ግብሩ ሳይነሳ። መጠባበቂያዋ ላይ የጎደለውን አብዛኛውን ይሞላል። በስሜት ዛሬ ብትለቅ ይህ ሁሉ ይቀርባት ነበር።

ጡረታም እንዲሁ ነው። ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት የሌለው ሰው የዕድሜ ልክ አበል አያገኝም፤ የሚደርሰው አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው ይህን ሳያውቅ ቢወጣ በጣም ያሳዝነኛል። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ስንት ዓመት እንደተመዘገበላችሁ ጠይቁ።

ስትለቁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ። ያልወሰዳችሁት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። ቀሪ ሒሳባችሁ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ሳትይዙ ከግቢው አትውጡ።

ደብዳቤ ካነሳን አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ዛሬ ተቀጣሪ ስለሆናችሁ ለሰው ዋስ ትሆናላችሁ። ቤት ስትከራዩ፣ ባንክ ስትበደሩ፣ ኤምባሲ ስትሄዱ መሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ ይጽፋል። ከወጣችሁ በኋላ ያ ደብዳቤ የለም። የምታሳዩት የባንክ እንቅስቃሴና የግብር ክሊራንስ ነው፣ እሱም እስኪጠራቀም ዓመት ይፈጃል። ብድር የምትፈልጉ ከሆነ ደሞዝተኛ ሳላችሁ ጨርሱት።

ፈቃዱም ከወጣ በኋላ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሥራ ባይኖርም ዜሮ ብሎ ማሳወቅ ግዴታ ነው። «አውጥቼ ላስቀምጠው» ብለው ከዓመታት በኋላ ቅጣት ተደራርቦ የጠበቃቸውን ሰዎች አውቃለሁ። የመጀመሪያው ደንበኛ አድቫንስ ሊከፍል ሲል አውጡት።

ማኪያቶው ሁለቴ ተደገመ። ሶፍቶቹ አራት ደረሱ፤ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ለድርጅቱ እዚያው ተቀምጣ መልስ ጻፈች። ሙሉ ሰዓት አልችልም፣ በወር ሁለት ሥራ ግን በውጤት ልሥራላችሁ፣ ግማሹ ቅድሚያ ይከፈል አለች። እስካሁን አልመለሱላትም።

ዛሬ ጠዋት ደወለችልኝ። ምድቧን ልትጠይቅ ገቢዎች ሄዳ ወረፋ ላይ ናት። ከፊቷ ስድስት ሰው አለ።